የረመዳን ቅዳሜ፦ ልጆቻችንን ወዴት እንውሰድ?

 

በረመዳን ከዙህር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ቁጭ ብለን የምንጠየቃቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጡም። የዓይን ጠብታ ጾም ያፈርሳል ወይ? ነፍሰ ጡር ሴት ያለፋትን ጾም እንዴት ትክፈል? ዘካተል ፊጥር በገንዘብ ይሰጣል ወይ? ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል። ጠያቂዎቹ አባቶችና እናቶች ናቸው። «ሸይኻችን፣ ቅዳሜ የሥዕል ዐውደ ርዕይ አለ አሉ፤ መግቢያው በነጻ ነው። ልጆቹ እንሂድ እያሉን ነው። ጾመን እንዲህ ያለ ቦታ መሄድ ይቻላል?»

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከጀርባው ያለው ጭንቀት ግን ቀላል አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት የለም። ልጆቹ ከሱሑር በኋላ ተኝተው ረፋድ ላይ ይነሳሉ። ከዚያ እስከ መግሪብ ያለው ረጅም ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ያልቃል። አባት ሥራ ላይ ነው፤ እናት የኢፍጣር ማዕድ ታዘጋጃለች፤ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የማናውቀውን ነገር ያያል። እንግዲህ ወላጁ የሚጠይቀን ስለ ሥዕል ብይን ብቻ አይደለም። «ልጄን ከስልኩ ላይ የሚያነሳልኝ ሐላል የሆነ ምን አለ?» እያለን ነው። ለዚህ ጥያቄ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ መመለስ አይበቃም። ስለዚህ ዛሬ ዘርዘር አድርገን እንየው።

«በነጻ» ሲባል የሚከፍለው ማን ነው?

በአዲስ አበባ በሳምንቱ መጨረሻ በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚታዩ ነገሮች ጥቂት አይደሉም። ስድስት ኪሎ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲመረቁ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩትም ዐውደ ርዕዮችን ያዘጋጃሉ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ማንበብ ለሚወድ ልጅ ክፍት ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ባዛሮች ይከፈታሉ፣ የጎዳና ኢፍጣር ይዘጋጃል፣ በየመስጂዱ ግቢም የሰደቃ ማዕድ ይዘረጋል።

እነዚህ ሁሉ «ነጻ» ይባላሉ። ነገር ግን ያለ ወጪ የሚዘጋጅ ነገር የለምና ወላጅ ማን እንደሚከፍል ቢለይ ይጠቀማል።

በመጀመሪያው ዓይነት የሚከፍለው ተቋም ወይም መንግሥት ነው። ጎብኚው የሚጠበቅበት ማየትና ማሰብ ብቻ ነው።

በሁለተኛው የሚከፍለው ነጋዴው ነው፤ ይህ ባዛሩ ነው። ነጋዴውን አንወቅስም፤ ንግድ ሐላል ነው፣ የረመዳን ገበያም ለብዙ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ባዛር ሄዶ መምጣት ገበያ ሄዶ መምጣት ነው። ልጅን ገበያ ለገበያ አዙረን ስናበቃ «ቅዳሜን አብረን አሳለፍን» ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ልጁ ከዚያ የሚመለሰው የተገዛለትን ይዞ ወይም ላልተገዛለት እያለቀሰ ነው።

በሦስተኛው የሚከፍለው ጎረቤት ነው። የሰደቃው ማዕድ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ያዋጡበት ኢፍጣር፣ በአደባባይ የሚዘረጋው ምንጣፍ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በጎዳና ኢፍጣር ላይ ልጁ ሃይማኖቱን በአደባባይ፣ ብዙ ሆኖ፣ በሰላም ያየዋል። ከኢፍጣሩ በኋላ ወጣቶች መጥረጊያ ይዘው ጎዳናውን ሲያጸዱ ማየት ደግሞ በክፍል ውስጥ ስለ ንጽሕና ከምንሰጠው ብዙ ትምህርት ይበልጣል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በነጻ የተባለው መግቢያው ነው፤ ታክሲው አይደለም። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከጀሞ ተነስቶ አምስት ልጆች ይዞ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መቀያየር ይጠይቃል፤ ከዚያም መመለሻው አለ። የሳምንቱ የተምር ወጪ እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ወጥተዋል፤ ሙዚየሞቹና አዳራሾቹ ግን በአብዛኛው መሀል ላይ ናቸው። ስለዚህ «በነጻ ነው፣ ለምን አትሄዱም?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ቤተሰብ እኩል አይደለም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ሥዕል የምናውቀውን ሳናሳጥር እንናገር

ነፍስ ያላቸውን ፍጥረታት ምስል በሚሠሩ ሰዎች ላይ በሐዲስ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። ይህን የሚክድ ዓሊም የለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ምስል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልወደዱት፣ እርሳቸውም ቀደው መደገፊያ ትራስ እንዳደረጉት ተዘግቧል። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ከፍ ተደርጎ የተሰቀለን ምስል ሰው ከሚደገፍበትና ከሚቀመጥበት ለይተው ተናግረዋል። ጥላ ያለው ሐውልት፣ በወረቀት ላይ ያለ ሥዕልና ፎቶግራፍ በአንድ ሚዛን ይለኩ እንደሆነም ተለያይተዋል። መሥራትና ማየትም አንድ ብይን የላቸውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰፊ በር አለ። በምስል ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መጥቶ ሲጠይቃቸው፣ መሥራቱ የግድ ከሆነበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። ዛፍ፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ሕንፃ፣ ሐረግ፣ የጽሕፈት ጥበብ በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ የተፈቀዱ ናቸው። የእስልምናው ዓለም የእጅ ባለሙያዎች በዚህ በር ገብተው በመስጂዶችና በኪታቦች ላይ ዓለም የሚያደንቀውን ሠርተዋል። እንግዲህ «ዐውደ ርዕይ ሁሉ ሐራም ነው» ማለትም፣ «ምንም ችግር የለውም፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ» ማለትም ሁለቱም ስንፍና ነው። መልሱ የተሰቀለውን አይቶ የሚሰጥ ነው።

እኛን ሐበሾችን ይበልጥ የሚመለከት ሌላም ዘገባ አለ፤ በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል። በዒድ ቀን ሐበሾች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ጠጠር ሲያነሱ ነብዩ እንዲተዋቸው ነገሯቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) በወቅቱ በዕድሜ ለጋ ነበሩ፤ ነብዩም ከለላ ሆነዋቸው፣ ከጀርባቸው ሆነው እስኪበቃቸው ድረስ እንዲያዩ አድርገዋል።

ከዚህ ዘገባ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የሐበሾቹን ክብር ነው፤ ደስ ይለናልና። ልብ ልንለው የሚገባው ግን የነብዩ አቋቋም ነው። «ሂጂና እዪ» ብለው አልላኳቸውም፤ «ይበቃል፣ ግቢ» ብለውም አላቻኮሏቸውም። ተመልካቿ እስኪበቃት ድረስ አብረው ቆሙ። ለወላጅ ከዚህ የበለጠ መመሪያ አናውቅም። ልጅህን ከላክኸው ያየውን አታውቅም፤ አብረኸው ከቆምክ ግን የማይሆነውን «ይህ ለኛ አይሆንም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ትለዋለህ፣ የሚያምረውን ደግሞ «ሱብሓነላህ» ትላላችሁ።

የኛው ጥፋት

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት መድረሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የተሰጣትን አንቀጽ በሎሕዋ ላይ ጽፋ ስትጨርስ ዳር ዳሩን ሐረግና አበባ ሠራችበት። ከመምህራኑ አንዱ «የአላህ ቃል መጫወቻ አይደለም፣ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም» ብሎ አበባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። እኛ አጠገባቸው ቆመን ነበር። አበባ ነፍስ እንደሌለው እናውቃለን፤ የኢብኑ ዐባስንም ምክር በልጅነታችን ቀርተነዋል። ነገር ግን ባልደረባችንን በልጆች ፊት ላለማሳፈር ብለን ዝም አልን።

ልጅቷ ከዚያ በኋላም መጣች፣ ቀራች። ሐረግ ግን አልሠራችም። ከወራት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረት ጀመረች። እናቷን ብንጠይቅ «ትምህርት ቤት የሥዕል ክበብ ገብታለች፣ ቅዳሜን እዚያ ነው የምትውለው» አሉን። ቆየት ብለው፣ ሳይወቅሱን፣ አንድ ነገር ጨመሩልን። የልጅቷ አያት በወሎ ኪታብ ገልባጭ ነበሩ። በእጃቸው የጻፉት ቁርኣን ዛሬም ቤት ውስጥ አለ፤ የገጹ ዳር ሁሉ ሐረግ ነው። ልጅቷ በሎሕዋ ላይ የሠራችው ያንን እያየች ኖሯል።

በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ሥራ ለወላጆች ሲያሳይ እናትየዋ ጠሩንና ሄድን። መግቢያው በነጻ ነበር፣ ቀኑም ቅዳሜ። የልጅቷ ሥራ ግድግዳው ጥግ ላይ ተሰቅሏል፤ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሠራ የሐረግ ክፈፍ ነው። መሀሉ ባዶ ወረቀት ነው።

«ልጄ፣ መሀሉን ለምን ተውሽው?» ብለን ጠየቅናት።

«እዚያ የሚገባው ቁርኣን ነበር። አይቀላቀልም ስላላችሁኝ ነው» አለችን።

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። የተነገራትን መታዘዟ ነበር። እኛም የምንመልሰው አጣን።

ይህን የምንናገረው አንድን ልጅ አስቀየምን ለማለት ብቻ አይደለም። በብዙ መድረሳዎቻችን እየሆነ ያለው ይኸው ነው ብለን ስለምናምን ነው። ልጅ እጁ የሚችለውን ነገር መስጂድ ውስጥ የሚጠይቀው ሰው ካጣ፣ «ምን ሠራህ? እስቲ አሳየኝ» ወደሚለው ቦታ ይሄዳል። በዚያ ቀን ሃይማኖቱን ይተዋል ማለት አይደለም። ነገር ግን ዲኑ አንድ ቤት ውስጥ፣ እጁና ዓይኑ ሌላ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ይማራል። ሲያድግ ሁለቱን ቤቶች ማገናኘት ይከብደዋል።

በሳጥን ውስጥ የተዘጋው ዐውደ ርዕይ

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ባዕድ ነገር አለመሆኑ ነው። ሐረር ለብዙ ዘመናት የኪታብ ገልባጮችና የኪታብ ደጓሾች ከተማ ነበረች። ዛሬ በከተማዋ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ኪታቦችን ሰብስቦ ለጎብኚ ያሳያል፤ የድጉሰቱን ጥበብም ከመጥፋት ለማትረፍ ሠርቷል። የሐረሪ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ግድግዳው በሴቶች እጅ በተሠራ ስፌት ተሞልቶ ያያል። ያ ቤት ትኬት የማይቆረጥበት ዐውደ ርዕይ ነው። የጁገል ግንብ በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በ2016 ደግሞ የሹዋሊድ በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሹዋሊድ ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾመው የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ሕዝቡ በአደባባይ ወጥቶ የሚያከብረው በዓል ነው። ጾም፣ ውበትና የሕዝብ መሰባሰብ በአንድ ላይ እንደሚሄዱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት እናምጣ?

ወሎም እንዲሁ ነው። ሸይኾቻችን አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማውንና ትምህርቱን በወረቀት አስቀምጠዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከግዕዝ ብራናዎች ጎን በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችም ይገኛሉ። በዘመናዊውም ሥዕል ቢሆን እንደ አብዱራህማን ሸሪፍ ያሉ ሰዎች በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ትውልድ አስተምረዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልጆቻችን ያዩት ስንቱን ነው? አብዛኛው ቅርሳችን በየቤቱ በሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አልጋ ሥር ነው። ማን እንደጻፈው የሚያውቁት አያቶች ናቸው። እነርሱ ሲሄዱ ኪታቡ ስም የለሽ ይሆናል፤ ስም የለሽ የሆነን ነገር ደግሞ ደላላ በርካሽ ይወስደዋል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። ሕጉን ከማወቅ በፊት ግን ልጁ ያ ኪታብ የአያቱ እጅ መሆኑን ይወቅ።

ከአሱር እስከ መግሪብ

ቅድም ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው የታክሲው ነገር ነበር። ስድስት ኪሎ ለራቀበት ቤተሰብ መስጂዱ ቅርብ ነው። ስለዚህ በየሰፈሩ ያሉ የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ መምህራንና ወላጆች አንድ ነገር እንዲሞክሩ እንለምናለን። በረመዳን ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ከአሱር እስከ መግሪብ ያለችውን ሦስት ሰዓት ገደማ ለሰፈር ዐውደ ርዕይ ይስጡ።

ወጪው ጥቂት ነው። ንጹሕ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ሲባጎና መቆንጠጫ ይበቃሉ። ቤት ውስጥ ያረጀ ኪታብ ያለው ራሱ ይዞት ይምጣ፣ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ራሱ ይዞት ይመለስ። ቁርኣን ከሆነ ውዱእ ያለው ብቻ ይንካው። አዛውንት ካሉ ማን እንደጻፈው፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ይንገሩ፤ አንድ ወጣት በደብተር ይመዝግብ። እናቶች ስፌታቸውን ያምጡ። ልጆች የጻፉትን ኸጥ፣ የሠሩትን ሐረግ፣ ዛፍና መስጂድ ይስቀሉ። ኢማሙ ከመግሪብ በፊት በእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ፊት ቆሞ «ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ የመጨረሻው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜ የጎደለውም እርሱ ነው።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንንም እንጥራ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገናኙ ነው፤ በ2016 ሁለቱም መጋቢት 2 ቀን በአንድ ሰኞ ጀምረው እንደነበር እናስታውሳለን። የግዕዝ ብራና ላይ ያለው ጌጥም ስሙ ሐረግ ነው። የአንዱ ልጅ አያት ዲያቆን ሆኖ ብራና ሲጽፍ፣ የሌላው አያት ደረሳ ሆኖ ኪታብ ሲገለብጥ በአንድ አገር፣ ምናልባትም በአንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ ነበሩ። ልጆቹ ይህን ጎን ለጎን ቢያዩት ስለ አብሮ መኖር ከሚሰሙት ንግግር ይልቅ ይዘልቃቸዋል። የኢፍጣሩ ሳምቡሳ በምስር፣ ሾርባውም ያለ ሥጋ ቢሆን ሁለቱም ጾመኞች ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

«ረመዳን የቁርኣን ወር ነው፣ ይህን ለሌላ ጊዜ ብናደርገው አይሻልም?» የሚሉ ወንድሞች ይኖራሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት አንንካ፤ እነርሱ የኢዕቲካፍና የለይለተል ቀድር ናቸው። ከተራዊሕና ከቁርኣን ንባብም አንቀንስ። እኛ የጠየቅነው በስልክ ከሚያልቀው ሰዓት ላይ ነው።

መሀል ከተማ ወዳሉት ዐውደ ርዕዮች መሄድ የሚችል ቤተሰብም ከመሄዱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። የሚታየው ምንድን ነው? የሚከፍለው ማን ነው? ሶላት የሚሰገድበት ቦታ በአቅራቢያ አለ? ስንት ሰዓት ያልቃል? ከዚያ ለሚጾሙ ልጆች የማያደክመውን የጠዋቱን ሰዓት ይምረጡ፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ድረስ አይቶ ለዙህር መድረስ ይቻላል። ሲመለሱም «ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቁ እንጂ ወዲያው ስልኩን አይመልሱላቸው።

ስለዚያች ልጅ የምትጠይቁን ትኖሩ ይሆናል። ባለፈው ሸዕባን እናቷን አነጋግረን፣ ልጅቷ ያንን ክፈፍ ይዛ መድረሳ እንድትመጣ ጠየቅን። መጣች። ያ መምህር ባልደረባችን፣ አላህ ኸይሩን ይክፈለው፣ ብዕሩንና ቀለሙን አቀረበላት። እኛም በልጆቹ ሁሉ ፊት ያን ቀን ዝም ማለታችን ስሕተት እንደነበር ነገርናቸው። መሀሉ ላይ የትኛውን አንቀጽ እንደምትጽፍ አልመረጥንላትም። «አያቴ ከጻፉት እመርጣለሁ» ብላለች፤ እስካሁን እየመረጠች ነው። ረመዳን ሳይወጣ በመድረሳው ግድግዳ ላይ እንደምናየው ተስፋ እናደርጋለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ልጆቻችንን በዲናቸውም በእጃቸውም ሥራ ይባርክልን። ለእኛም እነርሱ እስኪበቃቸው ድረስ አብሮ የመቆም ትዕግሥት ይስጠን። አሚን።